በስምንተኛው ቅጽ የከዳችው ሠራተኛ

ይህን እስከ ዛሬ ጠዋት ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለእህቴም አልነገርኩም። ዑምራ ሄጄ ካዕባ ፊት ቆሜ ሳለቅስ እንኳ ዙሪያውን ዞርኩ እንጂ ነገሩን በስሙ አልጠራሁትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የጃፓን የሥዕል ታሪክ ነው፤ ማንጋ ይሉታል። ዘጠኝ ቅጽ ነው፤ ወደ ዐረብኛ የተመለሰ፣ ስለ አንድ ደም መጣጭ የሚተርክ። እዚህ ዐረብ አገር፣ መንሱራ በሚባለው ሠፈር በተከራየኋት ክፍል፣ አልጋዬ ሥር በጆንያ ተቀምጧል። ፊደሉን በልጅነቴ ቁርአን ቤት ቆጥሬዋለሁ፤ ቋንቋውን ሃያ ዓመት በሰው ቤት ስታዘዝ ተምሬዋለሁ። ቀስ እያልኩ አነብበዋለሁ። ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። የስድሳ ዓመት ሴት ምን ታደርግበታለች ትሉ ይሆናል። ሌላ የሚያናግረኝ የለም።

መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ እውነቱን ልናገር። ሠዓሊው መቸኮል አያውቅም። ደም መጣጩ ሦስት መቶ ዓመት የኖረ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ያስጠጋዋል። እራት ሲበሉ እሱ ባዶ ሳህን ፊት ይቀመጣል። አራት ገጽ ሙሉ አንድም ቃል የለም፤ እነሱ ሲጎርሱ እሱ እጃቸውን ያያል። እኔም ስንት ዓመት የሰው እራት ቆሜ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ቅጽ ኩሩና ክፉ ነበር፤ በሰባተኛው የቤቱ ሕፃን ሲታመም ደጅ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ተለወጠ ብሎ የሚነግራችሁ የለም፤ ሲለወጥ ታዩታላችሁ። አምስተኛውና ስድስተኛው ቅጽ ግን ከንቱ ናቸው። ሰይፍ፣ ሰይፍ፣ አሁንም ሰይፍ። ሴቶቹም ከማልቀስ በቀር ሥራ የላቸውም። ከሁሉ የምታናድደኝ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ እሷ ጋ እመለሳለሁ።

መጻሕፍቱ የሪም ነበሩ። ሪም፣ ራውዳ በሚባለው ሠፈር የሠራሁበት ቤት ልጅ ናት። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያበላኋት፣ ያጠብኳት፣ ስትፈራ አጠገቧ የተኛሁት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ሲሞላት ሰዓዳ ሁለተኛ ሠራተኛ ሆና መጣች። የከሚሴ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ የተማረች፣ ሳቋ ሦስት ክፍል አልፎ የሚሰማ። በሁለት ወር ውስጥ ሪም የእሷ ሆነች። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብተው ማንጋውን አብረው ያነብባሉ፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ምን እንደሚያስቃቸው ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ ይሄ ደም መጣጭ እርስዎን ቢነክስ ምን እንደሚሆን እያሰብን ነው» አለች ሰዓዳ።

«ምን ይሆናል?»

«ወላሂ፣ እሱ ነው የሚታመመው!»

በዐረብኛ ደገመችላት። ሪም ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ቀልድ ነበር፤ ያን ቀንም ቀልድ እንደሆነ አውቅ ነበር። ግን ባሳደግኋት ልጅ ፊት መሳቂያ አደረገችኝ፤ ያን አልረሳሁላትም።

ሪም ከማንጋው አንድ ገጽ ገልብጣ ለሰዓዳ ሰጠቻት። የደም መጣጩ ማኅተም ነው፤ በቀይ ቀለም የተሣለ ክብ፣ ውስጡ የማይነበቡ ፊደላት። ሰዓዳ አጣጥፋ ፍራሿ ሥር አኖረችው። እዚህ አገር የቆየች ሠራተኛ ይህን አታደርግም። መዳም፣ የሪም እናት፣ በፈለገች ቀን ፍራሻችንን ትገለብጣለች፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ከተገኘ ሥዕል ነው የሚል የለም። ሲህር ነው፣ ድግምት ነው ይባላል። እኔ አውቅ ነበር። አልነገርኳትም።

መዳም ራሷን ያማት ነበር። አንድ ጠዋት ፍራሹን ገለበጠች፤ ወረቀቱንም አገኘች። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ልጅሽ የሣለችው ነው ማለት ነበረብኝ። አላውቅም አልኩ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለራሴ ብዙ ጊዜ ተናዝዣለሁ። ፈራሁ፣ ዝም አልኩ፣ የሰው አገር ነው እላለሁ። ዝምታ ብቻ ነበር እንዴ? ወረቀቱ ሲዘረጋ ከውስጡ የመዳም ፀጉር ወደቀ። ፀጉሩን ከማበጠሪያዋ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ውስጥ ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ይህ በሽታ የያዘሽ ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ነው ብዬ ፍራሹን ያስገለበጥኩትም እኔ ነኝ። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ሪም ከትምህርት ቤት ተመልሳ የሣልኩት እኔ ነኝ እያለች ጮኸች። ሥዕሉስ እሺ፣ ፀጉሩስ? አሏት። እናትየው ልጄም ተደግሞባታል አለች። አባትየው፣ በስሙ ያስመጣን ካፊላችን፣ ነገሩ እንዳይሰማበት ብሎ ወደ ፖሊስ አልሄደም። የሰዓዳን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ አሰርዞ በሦስተኛው ቀን ወደ አገሯ ሰደዳት።

ልትወጣ ስትል ኩሽና መጣች። «እትዬ፣ እርስዎ ያውቁኛል አይደል? ይንገሯቸው እንጂ!» አለችኝ። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

ማንጋውን እንድጥለው በጆንያ ሰጡኝ። አልጣልኩትም። ሪምም ወደ እኔ አልተመለሰችም፤ ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ ሻይ ስሰጣት ዓይኔን አታይም ነበር።

የመጽሐፉ ሠራተኛ በስምንተኛው ቅጽ ደም መጣጩ የተደበቀበትን ቦታ ለሚያሳድዱት ትናገራለች። ለምን ተናገረች? ሠዓሊው ሦስት ሥዕል ብቻ ሰጥቶ ይገላገላታል፤ ጠላት አስማት አድርጎባት ነበር ይላል። ከዚያ ትሞታለች፤ ሁሉም ያለቅሱላታል። ለአንድ ባዶ ሳህን አራት ገጽ የሰጠ ሰው እዚህ ላይ እንዴት ይሰንፋል? ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ በር ስትከፍትና ስትዘጋ ነበረች፤ አንድ ጊዜ እንኳ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ አልጠየቃትም። እኔን ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ሰው የሚከዳው ነቅቶ፣ አስቦ፣ እጁን ታጥቦ ነው።

ባለፈው ዓመት ዑድ ሠፈር የምትኖር አንዲት የከሚሴ ሴት ስለ ሰዓዳ አወራችኝ። «ያቺ ድግምተኛዋ? እጮኛዋ ትቷታል፤ ከእጇ ውሃ የሚቀበል የለም» አለች። አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

ዛሬ ጠዋት የዚያች የከሚሴ ሴት ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ደነገጠች፤ ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ኸላስ እህቴ፣ አልፏል። ሸይጣን ነው ያሳሳተሽ» አለችኝ።

«ሸይጣን ከማበጠሪያ ፀጉር አይለቅምም» አልኳት።

ስልኳን ተቀብዬ ድምፄን ቀዳሁ። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የት ተወልጄ የት እንደምኖር ተናገርኩ። ያደረግሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ለሰዓዳ እናት፣ ለሠፈሯ መስጊድ ሰዎች፣ ለዚያ ለተዋት እጮኛዋ እንድትልከው አደረግሁ፤ እያየሁ ላከችው። አሁን ማታ ነው፤ መልስ አልመጣም።

ሰዓዳን አፉ በይኝ አላልኳትም። ስሟን የወሰድኩባት ሳላስፈቅዳት ነው፤ ምሕረቷን ደግሞ ለምኜ ልወስድባት አልፈልግም። የሰው ሐቅ ነው፤ ብትሰጥ የእሷ፣ ብትከለክል የእሷ። እናንተም ይህን ያነበባችሁ አትማሩኝ። የእናንተ አይደለም።