የኦቦ ገመቹ ቮልስ የልደት ወረቀት

ሞኝነቴን ቀድሜ ልናገር፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል። እኔ ታዬ፣ የቡራዩ ባትላሜራ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የተጨፈለቀ መኪና ቀጥቅጬ ሳቃና የኖርኩ ሰው፣ ጀርመኖችን በጀርመን መኪና ልሸውድ ሞክሬያለሁ። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው፤ ያውም መላጣ ልጅ።

በኛ ሙያ መኪና ማለት ሊብሬው ነው። ሊብሬ የሌለው መኪና ቆርቆሮ ነው፤ መኪና የሌለው ሊብሬ ግን ግማሽ መኪና ነው። ስለዚህ አንዱ ሲበሰብስ የሻንሲ ቁጥሩን ቆርጠን ጤነኛው ላይ እንበይዳለን፣ ቀለም እንቀባለን፣ ያልቃል። ማንም ሌባ ብሎኝ አያውቅም። እንዲያውም «እጅህ ይባረክ» ነው የምባለው።

ኦቦ ገመቹ ገፈርሳ ግድም የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። የጋራዤን ቦታ ከአባታቸው ማሳ ላይ ቆርሰው የሸጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ካርታ የለው፣ ምን የለው፣ በቃል ብቻ። ቮልሳቸውን በወጣትነታቸው አዲስ ገዝተው ከሳቸው ሌላ ሰው ነድቷት አያውቅም። በኋላ ዓይናቸው ሲደክም ባሕር ዛፍ ስር አቆሟትና ዶሮዎች ወረሷት።

አንድ ቀን ሄር ብሩነር የሚባል ጀርመናዊ ሽማግሌ አሮጌ ቮልስ ፍለጋ ቡራዩ ድረስ መጣ። በሀገሩ አሮጌ መኪና እያደሰ ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ ሰው ነው። የኦቦ ገመቹን ሊብሬ ሲያይ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ባለቤት ብቻ፣ መኪናዋን እንኳ ሳያይ ሁለት ጊዜ ገልብጦ አነበበው። የኔን የመዶሻ ሥራም አየና በዚያች ከኔ በማትሻል እንግሊዝኛው፣ «በኛ ሀገር በእጁ የሚያቃና ሰው እያለቀ ነው። መኪናዋን አዘጋጅልኝ፣ አንተንም በሥራ ቪዛ አስመጣሃለሁ» አለኝ።

ሄጄ ሳያት ወለሏ ሣር አብቅሏል። እኔ ጋ ደግሞ ከሱሉልታ የወተት ነጋዴ የገዛኋት፣ ሊብሬዋ የጠፋ፣ ሰውነቷ ግን እንደ ሙሽራ የሆነ ሌላ ቮልስ ቆማለች። የኦቦ ገመቹን ቁጥር ከኋላ ወንበሯ ስር ቆርጬ የሱሉልታዋ ላይ በየድኩት። ሰበታ ወስጄ እንደ ድሮዋ ሰማያዊ አስቀባኋት፣ ወንበሯንም ግራጫ አለበስኳት። ለኦቦ ገመቹ «አድሻታለሁ» ብዬ የወሰድኳትን የሳቸውን ከጋራዤ ጀርባ ደበቅኳት። ብሩነር ተመልሶ መጥቶ ተረከባት፣ ሽማግሌው ፈረሙ፣ መኪናዋ በጅቡቲ በኩል ሄደች።

ለምን እንዲህ ቸኮልክ አትበሉኝ። ማስተር ፕላኑ ከተማውን ወደኛ ሊያሰፋ ነው የተባለበት ጊዜ ነበር። ገበሬው ለመሬቱ ይሰጋል፣ እኛ የጨረቃ ቤት ባለቤቶች ለግድግዳችን እንሰጋለን። ወጣቶቹ መንገድ ይዘጋሉ፣ ወታደር ይከፍታል፣ እንደገና ይዘጋሉ። ተኩስ ሲሰማ ባለቤቴ አስቴር ልጃችንን ይዛ አልጋ ስር ትገባለች፤ እኔ ቦርጬ አላስገባ ብሎኝ ውጭ እቀራለሁ። ወደ አዲስ አበባ መውጣት የለ፣ ወደ አምቦ መሄድ የለ። ቀድሜ ልሂድና ላስወጣቸው አልኩ። መውጫዬ ያቺ ቮልስ ብቻ ነበረች።

የሄድኩ ዕለት ጠዋት መንገዱ ዝግ ነው። ሻንጣዬን ተሸክሜ፣ አስቴርን አስከትዬ በእግር ወጣሁ። ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ የተከመረበት ጋ ስንደርስ ከክምሩ መሀል የማውቃትን ነገር አየሁ። የኦቦ ገመቹ እውነተኛዋ ቮልስ ናት። ከጋራዤ ጀርባ ገፍተው አምጥተዋት በጎኗ ተጋድማለች።

«ኦቦ፣ ኤሳ ዴምታ?» አለኝ አንዱ ወጣት፤ ወዴት ነህ ማለቱ ነው።

«ጀርመን።»

«በእግርህ?»

«እስከ ቦሌ ድረስ ብቻ።»

ሳቁና ሻንጣዬን ተቀብለው አሻገሩልኝ። እኔ በቮልሷ በር ላይ ተንጠላጥዬ ስወጣ አስቴር ከወዲያ ማዶ ቆማ አየቻት።

«ይቺኮ የኦቦ ገመቹ ናት» አለች።

«ናት።»

«የሸጣችኋት ታዲያ?»

«ስደርስ እደውላለሁ» አልኳት። እንዲህ ነው የተሰናበትኳት።

ትንሽ እንደሄድኩ ወታደር አስቆመኝ።

«ከየት ነው?»

«ከቡራዩ።»

«መንገድ ዝግ ነው። ከቡራዩ ማንም አይመጣም።»

«እንግዲያስ አልመጣሁም» አልኩት። ፓስፖርቴን ገለጠና እኔን አየ፣ ፎቶውን አየ።

«እዚህ ላይ ፀጉር አለህ።»

«መንገዱ ሳይዘጋ ነው የተነሳሁት።»

አለፍኩ። ላቤ ግን አውሮፕላኑ እስኪነሳ አልደረቀም።

የደረስኩበት ከተማ ትንሽ ነው፤ ድመት ስታስነጥስ ሦስት ሰፈር ይሰማል። ዝናቡ የሱሉልታን ብርድ ይዞ ይመጣል፤ መብረቅ ግን የለውም፣ ሳይቆጣ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ይውላል። እራት ቀዝቃዛ ዳቦ በቀዝቃዛ ሥጋ ነው። ሥራው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ገነት ነው። እያንዳንዱ መፍቻ ግድግዳው ላይ ቅርጹ የተሳለለት የራሱ ቦታ አለው። የራሴ ቦታ ያልነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ቤት ያከራየችኝ ሴትዮ፣ ፍራው ኪርሽ፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ።

«ሄር ታዬ፣ ትናንት ጩኸት ሰማሁ። እዚህ ሩሄ ያስፈልጋል፣ ጸጥታ።»

«ከባለቤቴ ጋር እያወራሁ ነው። ካልጮህኩ ቡራዩ አይደርስም።»

«ያለ ስልክ ነው እንዴ የምታወሩት?»

የውጭ ዜጎች ቢሮው ሰውዬ ደግሞ የልደት ወረቀቴን ወደ መብራት አንስቶ ያየዋል።

«ይሄ የተጻፈው ባለፈው ዓመት ነው።»

«አዎ።»

«እርስዎ የተወለዱት ግን...»

«እሱ ቀደም ብሎ ነው።»

«ታዲያ ቀኑን ማን መዘገበው?»

«እናቴ ታስታውሰዋለች። ጎርፍ ድልድዩን የወሰደበት ክረምት ነው።»

አልሳቀም። ፈቃዴ በብሩነር ጋራዥ ብቻ የሚሠራ መሆኑን፣ ከዚያ ከወጣሁ ከሀገሩም እንደምወጣ ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ነገረኝ።

በዚያው ሳምንት ብሩነር እጁን እያፋተገ መጣ። ለካ ፋብሪካው የሠራቸውን መኪናዎች መዝገብ አስቀምጧል። ቁጥሩን ስትልክላቸው መኪናዋ በየትኛው ቀን ተሠርታ እንደወጣች፣ ቀለሟን፣ የወንበሯን ጨርቅ፣ ምን ምን ተጨምሮላት ወደየት እንደተላከች ጽፈው ይልኩልሃል። ሰብሳቢ ያንን ወረቀት ሳያይ መኪና አይገዛም። እኔን የወለደችኝ እናቴ ቀኔን በጎርፍ ትቆጥራለች፣ እነዚህ የቮልስን ልደት ያውቃሉ።

«ቁጥሩን ልኬዋለሁ» አለኝ። የያዝኩትን መፍቻ የሌላ መፍቻ ቦታ ላይ ሰቀልኩት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት አትጠይቁኝ። የፖስታ አመላላሿ ብስክሌት በራፉ ላይ በቆመ ቁጥር መኪና ስር እገባ ነበር፤ ቦርጭም አላገደኝ።

ወረቀቱ መጣ። ብሩነር መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነባል። «ሰማያዊ። ልክ ነው። ግራጫ ወንበር። ልክ ነው።» ከዚያ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። «የሚከፈት የሸራ ጣሪያ።»

ሁለታችንም ጣሪያውን አየነው። ድፍን ላሜራ ነው።

የኦቦ ገመቹ ቮልስ በርግጥም የሸራ ጣሪያ ነበራት። «እኔ ነኝ የዘጋሁት» አልኩት። «ዝናብ ሲያስገባባቸው ሽማግሌው ለመኑኝና በላሜራ ደፈንኩት።» እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ መኪናዋ ብቻ ሌላ ናት።

የውስጡን ጨርቅ ገፈፈ። በመብራት ፈለገ፣ በጣቱ ዳበሰ። የብየዳ ምልክት የለም። ከየት ይምጣ?

«ታዬ» አለኝ፣ «አርባ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም።»

በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ ጋበዘኝ። ለወዳጆቹ ሁሉ እየደወለ ስለ እጄ አወራ። አልዋሻችሁም፣ ደስ ብሎኛል። ፋብሪካው በሠራው ጣሪያ እኔ ተመስግኜ የበሬ ጥብሴን በላሁ። ቡናው ሲመጣ ብሩነር፣ «ሰኞ መልሰህ ትከፍተዋለህ። ወረቀቱ እንደሚለው መሆን አለባት። ገዢው እየጠበቀ ነው፤ እሷ ስትሸጥ የረጅም ጊዜ ውል እጽፍልሃለሁ፣ ቤተሰብህን ታመጣለህ» አለ።

ሰኞ በጠመኔ አሰመርኩ። በርጩማ ላይ ወጥቼ ግራይንደሩን አስነሳሁ። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም ያልነካው ጣሪያ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት የሱሉልታ በረዶ ወርዶበት አንድ ቦታ አልጎደጎደም። ከቆረጥኩት አስቴርና ልጄ ይመጣሉ። ካልቆረጥኩት እኔ ወደ ዝጉ መንገድ እመለሳለሁ። ሰው ዋሽቻለሁ፣ ቁጥር ቆርጫለሁ፤ ጤነኛ ላሜራ ግን በከንቱ ቆርጬ አላውቅም። ይሄም ጨዋነት ከተባለ ጨዋ ነኝ። ግራይንደሩን አጠፋሁት።

«ሄር ብሩነር፣ ይሄ ጣሪያ ተዘግቶ አያውቅም።»

ከሀ እስከ ፐ ነገርኩት። ጨርሶ ሲገባው፣ «ትክክለኛዋ የት ናት?» አለኝ።

«መንገድ ላይ።»

«እየመጣች ነው?»

«አይ። መንገድ ዘግታ ነው ያለችው።»

እጁን በሳሙና ታጥቦ ወጣ።  በአራተኛው ቀን ባዶ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «የማን ሰውነት፣ የማን ቁጥር፣ የት ላይ እንደበየድክ፣ ሁሉንም ጻፍና ፈርም።» ከፋብሪካው ወረቀት ጋር አያይዞ ፋይሉ ውስጥ ከተተው። ገዢው ቀረ። መኪናዋ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ ቆመች።

«አላባርርህም» አለኝ። «ለአንድ ዓመት ብቻ እፈርማለሁ። ሌላ ጋራዥ ስለ አንተ ቢጠይቀኝ ግን እውነቱን እነግረዋለሁ።»

በአንድ ዓመት ፈቃድ ቤተሰብ አይመጣም አሉኝ ቢሮው። ሌላ ጋራዥ አልሄድ፣ ሀገሬ ብመለስ ዳግም አልወጣ። ቀን ቀን ብሩነር የምሠራውን እያንዳንዱን ነገር ከመዘጋቱ በፊት ፎቶ ያነሳል፤ ማታ ፍራው ኪርሽ ሩሄ ትለኛለች። አስቴር በደወልኩ ቁጥር «መቼ ነው?» ትላለች፣ እኔ ስለ አየሩ አወራለሁ።

ለኦቦ ገመቹ መንገር ነበረብኝ። ስልኩ ተቋርጦ ስንት ቀን ሞከርኩ። አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ገባልኝ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ?»

«ነጋ ነው፣ ታዬ ኮ። አለህ?» አሉኝ፤ ሰላም ነው፣ የኔ ታዬ ማለታቸው ነው።

በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ነገርኳቸው።  የዶሮዎቹ ድምፅ ይሰማኛል።

«ሰውየው አባረረህ?»

«አላባረረኝም።»

«ጽፈህ ፈርመህ ሰጠኸው?»

«ሰጠሁት።»

«እኔ አለሁበት?»

«እርስዎ ምን አደረጉ ኦቦ? እርስዎንም እኮ ነው ያታለልኩት።»

«አንተ ሊብሬውን ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ የሄድክ ጊዜ ሰውየው መሪውን አስያዘኝ» አሉ። «ስንት ዘመን የያዝኩት መሪ አልነበረም። የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ እጄ አይደለም። ከዚያ በጣቱ እየጠቆመ፣ ያንተ ናት? አለኝ። ልጁ መውጫ አግኝቷል አልኩና አዎ አልኩት። ስለዚህ ታዬ ኮ፣ ነገ ሥራ ስትገባ ወረቀቱን አስወጣውና የኔንም ስም ጨምርበት።»