የጋራ ማስቀመጫ

ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ደፍሬ መጻፌን ይቅር በሉኝ። እኔ የኮምፒውተር ሠራተኞች ያሉበትን ቢሮ ነው የማጸዳው።

መስኮቱ ጥግ የሚቀመጥ አንድ ሰውዬ አለ። ሹራቡ ክርኑ ላይ ሳስቷል። መሐረብ ሲፈልግ ከኪሱ የልጅ ካልሲ ይወጣል፤ መልሶ ይከተዋል። አንድ ቀን ራሱን ይዞ አገኘሁት።

«ምነው ወንድሜ፣ አመመህ?»

«አይ እትዬ። ይሄ ማሽን በየተራ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው ተራ ፕሮግራሙን ያዘጋጃል፣ ሁለተኛው ይፈትሸዋል። ሁለተኛው ሲጀምር ግን ማህደሩ ባዶ ነው፤ የፊተኛው የሠራው የለም።»

«እኔ አልጠረግኩትም» አልኩት። ሳቀ።

«ለሁለቱም የጋራ ማስቀመጫ እያበጀሁ ነው።»

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጃኬቱን እኔ ጋ ረስቶት ነው የሄደው» አለ። ስልኩን ሲዘጋ፣ ሳልጠይቀው፣ «ልጄ ሳምንት እናቱ ጋ፣ ሳምንት እኔ ጋ ነው» አለኝ። «እሷ የኔን ደጅ አትረግጥም፣ እኔም የሷን። ብርዱ ግን ለልጁ ተረፈ።»

ወደ ሥራው ተመለሰ። ስወጣ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ማሽኑ እሺ ሲል እንደዚያ ነው። እሱ ግን ካልሲውን አውጥቶ ያያል።

በማግስቱ ጠዋት ትንሽ ሰማያዊ ጃኬት ይዞ መጥረጊያ የማስቀምጥባት ክፍል መጣ።

«እትዬ፣ እናቱ ሥራ ስትሄድ በዚህ ነው የምታልፈው። ስጪልኝ አልልሽም፣ እዚህ ይዋል ብቻ፤ እዚህ እንዳለ በስልክ ነግሬያታለሁ፣ ገብታ ትወስደዋለች።»

ነጠላዬን የምሰቅልበት ምስማር ላይ ሰቀለው። ካልሲውንም አውጥቶ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።