ጎንበስ ሲሉ አማትቢ

ባለቤቴ ዛሬ በሕይወት ያለው በአንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ነው። ዳቬይተን በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ባለው ሱቃችን ውስጥ ሌቦች ሲተኩሱበት ከተደረደረው ከረጢት ጀርባ ተኛ፤ ጥይቱ ዱቄቱ ውስጥ ቀረ። እግዚአብሔር የሚያድንበት አያጣም። እኔም የዚያን ዕለት ተሳልኩ፦ እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ የስቅለትን ስግደት ግንባሬን መሬት አስነክቼ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሳላጓድል ልፈጽም።

ስሳል ጉልበቶቼን አላማከርኳቸውም። ለጥቂት ዓመታት ታዘዙኝ፣ ከዚያ አመፁ። አንድ ስቅለት ላይ ከቀትር በኋላ እንደ ወረድኩ ቀረሁ። ሁለት ሴቶች በብብቴ ይዘው አነሱኝ። የንስሐ አባቴ ከኋላ የፕላስቲክ ወንበር አስመጡልኝና ከወንበር ላይ ጎንበስ ማለትም ስግደት ነው አሉኝ። ታዝዤ ተቀመጥኩ። ግን እግዚአብሔር ባሌን ሲያድነው በግማሽ አላዳነውም። ቀጣዩን ስቅለት ወንበር ላይ ላለማሳለፍ ወሰንኩ።

ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ጉልበቴን ዳብሳ፣ "ማማ፣ አንቺ የሚያስፈልግሽ እንቅስቃሴ ነው" አለችኝ።

"ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ እቆማለሁ፣ ዕቃ አነሳለሁ" አልኳት።

"እሱ ድካም ነው" አለች። ዮቪል እኛ ሰፈር ባለው አዳራሽ ቅዳሜ ጠዋት ቻይናዎች ታይ ቺ የሚሉትን በነጻ እንደሚያስተምሩም ነገረችኝ። ልጄን ጠየቅኳት።

"እማ፣ ስፖርት ነው፤ በጣም ስሎው የሆነ ስፖርት። ሪላክስ!"

ቅዳሜ ሄድኩ። አስተማሪዋ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የምትበልጥ፣ ቀጭን ቻይናዊት ናት። ተማሪዎቹ የጡረታ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ የዙሉ አያቶች፣ አንድ ቀይ ፊት ነጭ ሽማግሌም አሉ። ሁሉም ጫማቸውን አስተካክለው ተሰለፉ። ከዚያ አንድ እጃቸውን ጨብጠው፣ በሌላው መዳፍ ሸፍነው፣ ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ጎንበስ አሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀይ የእሳት ማጥፊያ ብቻ ነው።

ለምን እንደሚሰግዱለት አልገባኝም። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

"አምልኮ ነው ወይስ ስፖርት?" አሉኝ።

"አላወቅኩም አባቴ። ቀስ ብለው ነው የሚንቀሳቀሱት።"

"ቀስ ማለት ኃጢአት አይደለም። ከዚያስ?"

"ጎንበስ ይላሉ።"

"ለማን?"

"ለእሳት ማጥፊያ።"

ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ። ሲስቁ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። "ለጉልበትሽ ከሆነ ሂጂ፣ ልጄ። እነሱ ጎንበስ ሲሉ አንቺ አማትቢ።"

እንደታዘዝኩት አደረግኩ። እነሱ እጃቸውን ጨብጠው ጎንበስ ሲሉ፣ እኔ ቀጥ ብዬ አማትባለሁ። ሲጨርሱም እንደዚያው። ሰው እንዳያየኝ ፈጠን አደርጋታለሁ።

ወሬው እኔን ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ያን ስቅለት ካነሱኝ ሴቶች አንዷ በር ላይ ያዘችኝ።

"አንቺ፣ ካራቴ ጀመርሽ አሉ? ባልሽን ልትደበድቢው ነው?"

"ጉልበቴን ነው።"

"እሱማ፣ መጀመሪያ ጉልበት ነው የሚመታው!"

ባለቤቴም አልማረኝም። ሳሎን ውስጥ እጄን እንደ ደመና ሳንሳፍፍ ሲያየኝ፣ "ሌባ ሲመጣ እንዲህ አድርገሽ ልትመቺው ነው? እጅሽ እስኪደርስ እኮ ሰውዬው ከተማ አቋርጦ ቴምቢሳ ገብቷል" አለኝ። እንዲህ እያለ ወገቡን ይዞ ነው የሚስቀው። ዱቄት ሲሸከም የኖረ ወገብ ነው፤ ሳቅም ያመዋል።

አስተማሪዋና እኔ ተግባባን፤ ሁለታችንም ብዙ አንናገርም። ከእንግሊዝኛ የምታዘወትረው ቃል "ቀስ" የሚለው ነው። በመጀመሪያ እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ መቆምን ታስተምራለች። ሌሎቹ ይቁነጠነጣሉ፣ ሰዓት ያያሉ፣ ነጩ ሽማግሌ ያዛጋሉ። እኔ ቆምኩ። አንድ ቀን ዞራ ዞራ አየችኝና፣ "መቆም የት ተማርሽ?" አለችኝ።

"ቤተ ክርስቲያን።"

ምን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ክንዴን ይዛ ከፊት ረድፍ አቆመችኝ። ቅዳሴ ለዚህ ይጠቅማል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ከወገብ በታች ግን ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። ዝቅ በይ ስትለኝ እንደ ጆንያ ነው የምወርደው። እሷ ሳትሰለች እግሬን በእግሯ እየነካች አሳየችኝ። ሸክምሽን መጀመሪያ ወደ አንዱ እግር አዙሪ፤ የቀለለውን ከዚያ አንቀሳቅሺ። ሁለቱን አንድ ላይ አታስገድጃቸው። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሳዘዋውር የማውቀውን ነገር በገዛ እግሬ ላይ አላውቀውም ነበር። እየቆየ መሬቱ ቀረበኝ። ተመስገን።

ፊት ረድፍ መቆም ግን ጣጣ አለው። ከኋላዬ ያሉት የሚያዩት እኔን ነው። አዲስ የመጡት ደግሞ አስተማሪዋ የቱን እንዳስተማረች፣ የቱን እኔ ከቤቴ ይዤ እንደመጣሁ የሚለዩበት መንገድ የላቸውም። እኔ ወደ ኋላ ስለማላይ አላወቅኩም።

ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ፣ ጎንበስ ብለው እንደጨረሱ አስተማሪዋ እጇን አንስታ አስቆመችን። ዞር ስል፣ ከኋላዬ ያሉት አያቶች በሙሉ ቀኝ እጃቸው ግራ ትከሻቸውን አልፎ ቀኝ ትከሻቸው ላይ ደርሷል። ነጩ ሽማግሌ ተሳስተው በግራ እጃቸው ነው ያማተቡት።

"ይሄ ከየት መጣ?" አለች።

ሁሉም እኔን አዩኝ። ከጎኔ ያሉት ጎጎ፣ አያት ማለት ነው፣ "እኛ የትምህርቱ አካል መስሎን ነው፤ ደግሞ ደስ ይላል" አሉ። እኔ የታየኝ የፕላስቲኩ ወንበር ነው። ዛሬ ካባረረችኝ ጉልበቴ እስከ ስቅለት አይበቃም።

"የእኔ ነው" አልኩ።

"ምን ያደርጋል?"

"ይጠብቃል።"

እሳት ማጥፊያውን አየች፣ እኔን አየች። "እንደገና አሳዪኝ።"

አማተብኩ። ራሷን ነቀነቀች። "እጅሽ ቸኩሏል። ዝንብ ታባርሪያለሽ? ቀስ።" እጄን ያዘችና ከግንባሬ ወደ ታች፣ ከዚያ ከትከሻ ወደ ትከሻ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ እያሳረፈች ወሰደችው። "የሚጠብቅ ነገር አይሮጥም" አለችኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማማትበው። ታክሲ ስሳፈር፣ ሱቅ ስከፍት፣ ዓሣ ስጠብስ ሁሉ አማትባለሁ። እንደዚያ ቀን ግን አማትቤ አላውቅም። የምለውን እያንዳንዱን ስም ለመጥራት ጊዜ ነበረኝ። ክርስቶስን የማታውቅ ሴት አስተካከለችልኝ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ነጠላቸው እንደገና ወደ ፊታቸው ሄደ፤ ነገር ግን ወዲያው አወረዱትና፣ "እኛም ብንሆን እንቸኩላለን" አሉ።

ስቅለት ደረሰ። ፋሲካ እዚህ የሚመጣው ብርዱ ሲጀምር ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የተከራየነው አዳራሽ ወለል ምንጣፍ ለብሶም ይቀዘቅዛል። ወንበሩን ከኋላ አስቀምጠውልኝ ነበር፤ አልፌው ቦታዬን ያዝኩ። ሸክሜን ወደ አንድ እግር አዞርኩ፣ ሌላውን ለቀቅኩ፣ ወረድኩ። ግንባሬ መሬት ነካ። ተነሳሁ። ቀትር አለፈ፤ አሁንም ተነሳሁ። ያቺ ካራቴ ያለችኝ ሴት በዓይኗ ትከተለኝ ነበር። ኋላ ላይ አየት ሳደርጋት እግሯን እንደ እግሬ እያደረገች ነው።

ማታ ስግደቱ ሲያልቅ ባለቤቴን በዓይኔ ፈለግኩት። የተሳልኩለት ሰው ከወንዶች በኩል፣ ከኋላ፣ የእኔ ወንበር ላይ ወገቡን ይዞ ተቀምጧል።

ሰላምታ በማይሰጥበት ቀን ስለሆነ ማንንም ሳንሰናበት ወጣን። መኪና ውስጥ ቀበቶውን እያቃሰተ አሰረ።

"ያቺ ቻይና" አለ በመጨረሻ፣ "ወንድ ትቀበላለች?"

"ትቀበላለች" አልኩት። "ማማተብ ላይ ግን ጥብቅ ናት።"