እስከ ጉንደወይን የፈተልሁት ጥጥ

የልጅ ልጆቼ፣ «እማማ፣ የሚሰለች ሥራ እንዴት ይጨርሱ ነበር? ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። ታናሿ ደብተር ከፍታ ስትቀመጥ ሐሳቧ ይበተናል። ሐኪሙ ስም አለው ብሏታል። እኔ ስሙን አላውቅም እንጂ ነገሩንስ አውቀዋለሁ፤ በእኛ ጊዜ ቀዥቃዣ ነበር የሚሉን። ይኸው እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እስካሁን አልተነሣችም።

ያደግሁት ቢቸና ነው፣ በጃንሆይ ዘመን። በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህት ነበረችኝ። አቤት እሷ ስትፈትል! ጠዋት እንዝርቷን ይዛ ከተቀመጠች እስከ ምሳ ንቅንቅ የለም። እኔ ግን አንዱን የጥጥ ጥቅል፣ አመልማሎውን፣ ሳልጨርስ ዶሮዋ ጥላ እንደሆነ ልይ ብዬ እነሣለሁ፤ ከዶሮዋ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ምንጭ። ስመለስ ድመቷ በእንዝርቴ ስትጫወት አገኛታለሁ። እናቴ የእህቴን ፈትል ወደ ብርሃን አንሥታ እያየች ትስቃለች፤ የእኔን ሳታየው ሙዳይ ውስጥ ትወረውረዋለች። እህቴን እወዳታለሁ፤ ግን ክሯ እንዲበጠስ ስንት ቀን ተመኝቻለሁ! እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዘዴ ያስተማረኝ ቅናቱ ነው። መጀመሪያ በየአመልማሎው ውስጥ አንዳንድ የሽምብራ ቆሎ ደበቅሁ፣ ፈትዬ ስደርስበት እንድበላው። ቆሎውን ፈልፍዬ በላሁና ጥጡ ቀረ። ቀጥሎ መንገድ አገኘሁ። አባቴ አንድ ጊዜ ለሠርግ እስከ ጉንደወይን በበቅሎ አፈናጦ ወስዶኝ ነበር። ያን መንገድ በሐሳቤ እየሄድሁ መፍተል ያዝሁ። አንዱ አመልማሎ ከደጃችን እስከ ወንዙ፣ ሁለተኛው እስከ ዳገቱ ራስ፣ አራተኛው ደብረ ወርቅ ያገባኛል። በልቤ ብቻ ስሄድ እጠፋለሁ፤ ስለዚህ በአፌ እለዋለሁ፦ «ይኸው ወንዙ፤ በቅሎዋ ውሃ ጠጣች፤ ይኸው ሴትዮዋ ጌሾ አስጥታለች…»

እናቴ፣ «በአንቺ ልፍለፋ በቅሎዋም ደነቆረች!» ትለኛለች። እህቴ አልፎ አልፎ ቀና ብላ፣ «ዛሬስ አላነከሰችም?» ትላለች። የምታሾፍብኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ አክስታችን ከሞጣ መጡ። ልጅ የላቸውም፤ ከሁለታችን አንዷን ወስደው ትምህርት ቤት ሊያስገቡ ነው። ፊደል መለየት እንደምን እመኝ ነበር! ለእናቴ፣ «ቁጭ የምትለዋን ነው የምወስድ፤ ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው» አሏት። በነጋታው ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ለየራሳችን አሥር አሥር አመልማሎ በሙዳይ ሰጡንና ፊት ለፊታችን ተቀመጡ።

እኔም መንገዴን ጀመርሁ። ወንዙን ተሻገርሁ፣ ዳገቱን ወጣሁ፣ ደብረ ወርቅን አለፍሁ። ከእህቴ እኩል ነበርን! ያን ቀን ዶሮዋ ስትጮህ እንኳ አልተነሣሁም። ሰባተኛው አመልማሎ ጉንደወይን አገባኝ። ለካ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለኝም፤ ሄጄበት አላውቅ። ዝም አልሁ። እጄም ቆመ። እንዝርቴን ጥዬ ተነሣሁና አክስቴ ጉልበት ሥር ሄጄ፣ «እትዬ፣ ከጉንደወይን ወዲያ ምን አለ? ወንዝ አለ? ዛፍ አለ?» አልኋቸው።

ሳቁ፤ ወደ እናቴ ዞረው፣ «ይህችስ እግሯ እንጂ እጇ አይሠራም» አሉ።

«ተመለሽ አንቺ ቀዥቃዣ!» አለችኝ እናቴ።

ስመለስ የእህቴ ሙዳይ ባዶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወሰዷት። እኔ ጎተራው ጀርባ ተደብቄ ሳልስማት ሄደች። ደብዳቤዋ ሲመጣ ጎረቤት ያሉት ቄስ ያነቡልናል፤ እኔ ውሃ ልቅዳ ብዬ እወጣለሁ። የእሷ እጅ የጻፈውን መስማት አልችልም ነበር። ወልጄ እንኳ፣ የእሷ ልጆች ፊደል የቆጠሩት ከእናታቸው ነው ሲሉኝ ያ የሙዳይ ነገር ይቆረቁረኛል። ዛሬም ምስር ስለቅም በመንገድ ነው የምለቅመው፤ የማውቀውን መንገድ ብቻ ነው የምጀምር።

አክስታችን ሲሞቱ ለልቅሶ ሞጣ ሄድሁ። ሁለታችንም ሽበት አውጥተን ነበር። ሰው ሲበተን እህቴ ሣጥኗን ከፍታ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር እጄ ላይ አኖረች። ስፈታው ሦስት አመልማሎ፣ ቢጫ የሆኑ።

«በአንቺ በቅሎ እኮ ነበር የምፈትለው» አለችኝ። «አንቺ ጉንደወይን ላይ ዝም ስትዪ እኔም ክሩ ተበጠሰብኝ። ተነሥተሽ ሁሉም አንቺን ሲያይ የቀሩትን ሦስቱን ቀሚሴ ሥር ሸጎጥኋቸው።»