አሥራ አንድ ሴቶችና አንዲት አረንጓዴ ቀሚስ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኔ እኮ ምስጢር ከምሳ ሰዓት የማያልፍብኝ ሰው ነኝ፤ ይህ ግን ሦስት ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል። ለንስሐ አባቴ ሰው ማማቴን፣ ጾም መግደፌን፣ አንድ ጊዜ ዲያቆኑን በቀልድ ማስቀየሜን ሳይቀር ዘርዝሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ዘለልኩት። እንግዲህ አንባቢዬ ለጥቂት ደቂቃ መስቀል እንደያዘ ሰው ሆነህ ስማኝ። ሳቅህ ቢመጣ ሳቅ። ጥፋቱን ግን አትርሳብኝ፤ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ከአገሬ ወጥቼ በምኖርባት በዚህች ሞቃት የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 3 በሚባል ሰፈር ፎቶ ቤት አለችኝ። ከጥበቷ የተነሣ ደንበኛ ሲያስነጥስ ግድግዳው «ይማርህ» ይላል። ከመጋረጃው ጀርባ ግን የልብስ መስቀያ አለ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የአገሬ ሴቶች ዕረፍታቸው ዓርብ ከሰዓት ነው። ያን ቀን ይመጡና ከመስቀያው መርጠው ለብሰው ይነሣሉ፤ ፎቶውን ለቤተሰብ ይልካሉ። ከሁሉም የምትወደደው ወርቃማ ቁልፍ ያላት አረንጓዴ ቀሚስ ነበረች። ከኋላ በመርፌ ቁልፍ እየሰበሰብኩ ቀጭኗንም ወፍራሟንም አለብሳት ነበር። አገር ቤት ያለው ሰው «ልጃችን አማረባት» ይላል፤ ያን ሌሊት እናት በሰላም ትተኛለች። የሥራችን ሕግ አንድ ነው፤ ልብሱ የማን እንደሆነ ፎቶ አንሺ አይናገርም። ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

ይህን ሕግ ነው ያፈረስኩት። ለምን? ለሳቅ።

ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም እንደ ግንድ ስለሚደርቅ፣ እኔ አስቄ ነው የማነሣው። «በዚህ ሙቀት ዶሮዬ የተቀቀለ እንቁላል መጣል ጀመረች» ስል ቤቱ ይፈርስ ነበር። ከዚያ ንክኪ ስልክ መጣ። አንድ ቀን ከቀልዶቼ ሁሉ ምርጡን ተናገርኩ፤ ጥግ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ደረቴ ተነፋ። ሰውየው አንገቱን ከስልኩ ቀና አድርጎ «ምን አሉኝ ጋሼ?» አለኝ። ያን ጊዜ ምን ተሰማኝ መሰለህ? እድርተኞቼ ቁሜ እያየሁ ቀብረውኝ ወደ ቤታቸው የሄዱ መሰለኝ።

እኔም ስሜን ደብቄ «አባ ሙቀት» የሚል ገጽ ከፈትኩ። በመጀመሪያው ቀልድ አርባ ሰው ላይክ አደረገ። አርባ ሰው በአንድ ቀን ፎቶ ቤቴ ገብቶ አያውቅም! ከዚያ ወዲያ ሰው አልነበርኩም። ጫት እንኳ ሰዓት አለው፤ ቀትር ላይ ከተማ ይገባል፣ ሲመሽ ያልቃል። ይኼኛው ሰዓት የለውም። ከተማው በሙሉ በር ዘግቶ በሚያርፍበት ከሰዓት፣ እኔ ስልኬን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጥኩ እቆጥራለሁ። ቁጥሩ ሲወጣ እኔም እወጣለሁ፤ ሲቆም ሚስቴን እቆጣለሁ። ያስቀየመችኝ ምን ነበር? ቀልዶቼን ሁሉ በቃሏ ማወቋ ብቻ።

አንድ ሳምንት ማንም አልሳቀልኝም። ሌላ ቀልደኛ ተነሥቶ ሰውን ሁሉ ወሰደው። ቅናት እንደ ምጥ ያዘኝ። ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፣ አረንጓዴዋን ቀሚስ የለበሱ አሥራ አንድ ሴቶች መረጥኩ፣ በተርታ ደረደርኳቸው፣ ቁጥር ሰጠኋቸው። ከላይ «ከአሥራ አንዱ ሴቶች የቀሚሷ ባለቤት ማን ናት?» ብዬ ጻፍኩ። ፊታቸውን እንኳ አልሸፈንኩም። ረስቼ እንዳይመስልህ፤ አስቤበታለሁ። ፊት ከተሸፈነ ሳቁ ይቀንሳል ብዬ ነው።

ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። እኔም በጎርፉ ላይ ዋኘሁ።

በሳምንቱ ዓርብ ዝናሽ ገባች። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ልጇን ድሬዳዋ እህቷ ዘንድ ትታ የመጣች ሴት ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ የክፍል ጓደኞቿ አሳይተዋት ልጄ ‹ቁጥር ስምንት› ብላኝ ስልኩን ዘጋችብኝ።»

ልጅቷ ለጓደኞቿ «እናቴ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ቀሚሷን አያችሁ?» ብላ ነበር። ዝናሽ እንዲህ በይ አላለቻትም፤ እንዲህ አትበይም አላለቻትም። ያ ዝምታ ነበር በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ። እኔ ነኝ የሰበርኩት።

«እርስዎ ኮምፒውተር ያውቃሉ» አለችኝ፤ «እባክዎ ይህን ሰው ፈልገው ያግኙልኝ።»

እኔ ምን አልኩ? «እጁን ይቁረጠው!» አልኩ። በገዛ እጄ ትከሻዋን እየደባበስኩ እጁን ይቁረጠው አልኩ። «ኮምፒውተሬን ሊጠግኑ ሲወስዱት ፎቶውን ሰርቀውኝ ይሆናል» አልኩ። እሷ እያለቀሰች ሳለ ከጠረጴዛው ሥር ስልኬ ነዘረ። አየሁት። ሴት ፊቴ እያነባች፣ ባስለቀሳት ነገር ስንት ሰው እንደሳቀ ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ።

ያን ቀን አጠፋሁት? አላጠፋሁትም። የሳቀው ሰው ሁለት ሺህ እስኪሞላ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። ስደብቅ መዋሸቴን ፍርሃት ነው ልበል፤ ይህን ሦስት ቀን ግን ምን ልበለው? ስም አጣሁለት። በመጨረሻ ገጹንም ፎቶውንም አጠፋሁ፤ ፎቶው ግን ቀድሞኝ በሰው ስልክ ላይ ዞሯል።

ዝናሽ እኔን አልጠበቀችም። ለልጇ እውነተኛውን ኑሮዋን ትልክላት ጀመር። በሽርጥ፣ በክምር ልብስ መካከል ካውያ ይዛ፣ ጣሪያ ላይ አንሶላ ስታሰጣ። በየቀኑ አንድ ፎቶ። ልጅቷ ታያለች፤ አትመልስም። ዝናሽ ዓርብ ዓርብ ትመጣና «ዛሬም አየችው ጋሼ» ትለኛለች፤ በዚያው ብቻ ፊቷ ይበራል። እኔን ሁለት ሺህ ሰው ሳይሞላኝ፣ እሷን የአንዲት ልጅ ዝምታ ይሞላት ነበር። አራት ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ስልኳን ወደ ላይ ይዛ እየሮጠች ገባች። ልጅቷ ጽፋለች፤ «እማ፣ ሽንኩርት ስትከትፊ አሁንም ታለቅሻለሽ?»

ዝናሽ ሳቀች። ያን ሳቅ በቀልድ ያመጣሁት እኔ አልነበርኩም፤ ደስ አለኝ። በሰው ሳቅ ሳልቀና ደስ ያለኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

ትናንት መጣች። ልጅቷ ትምህርት ስለተዘጋ በአዲሱ ባቡር ልትመጣ ነው። «ዓርብ በየራሳችን ልብስ አንድ ላይ ያነሡናል» አለችኝ። ወጥታ በሩ ላይ መለስ አለችና፣ «ያኔ አብረውኝ ያዘኑት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ሌላውን ሁሉ ችያለሁ፤ ይህን ምስጋና ግን መሸከም አልቻልኩም። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩ። እየጻፍኩም «ይህን ብለጥፈው ስንት ሰው ያነብበው ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አየህ፣ አልዳንኩም። ስልኩን ለሚስቴ ሰጠኋትና በወረቀት ቀጠልኩ።

ዓርብ ካሜራውን ከማንሣቴ በፊት ለእናትና ለልጅ አነብላቸዋለሁ። ዝናሽ፣ ብቸኝነቴን፣ ቅናቴን፣ መረሳት መፍራቴን የዘረዘርኩት እንድታውቂው እንጂ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ልጅሽን ከአንቺ ያራቅኳት እኔ ነኝ። ይቅር በዪኝ። ካልሆነልሽም ፎቶውን ሌላ ሰው ያንሣችሁ፤ ወንበሩን እኔ አቀርባለሁ።

አንተም አንባቢዬ፣ ይህችን ከዓርብ በኋላ ነው የጨመርኳት፤ ጽሑፉ እጅህ የገባው እሷ ሰምታው «ይነበብ» ስላለች ነው። ባትል ኖሮ መሳቢያዬ ውስጥ ይቀር ነበር።