ከቡናው ሥር የነበሩት ችግኞች

አያቴ አባባ ካረፉ ሦስት ወር ሆናቸው። ከሚዛን ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው፣ ዝናቡ ሲያባራና ቡናው መቅላት ሲጀምር አረሙን የሚያጸዱት እሳቸው ነበሩ። ከቡናው ሥር ሲደርሱ ግን ገጀራውን ያስቀምጡና ቁጢጥ ብለው በእጃቸው ያርሙ ነበር። የረገፈው ፍሬ ማንም ሳይተክለው እዚያ ይበቅላል፤ ችግኙ መጀመሪያ ሁለት ክብ ቅጠል ብቻ ያወጣል። ይህን ለተማሪዎቼ በሥዕል አስተምራለሁ። አባባ ግን ከአረሙ መሃል አንዱንም ሳይስቱ ያተርፏቸውና በክረምት እያነሱ በደረቁት ቡናዎች ቦታ ይተክሏቸው ነበር።

አምና «አባባ፣ በገጀራ ቢያጭዱት እኮ በአንድ ሰዓት ያልቃል» አልኳቸው።

«መምህር፣ ይሄ ሰሌዳ መሰለህ? ጠርገህ ነገ ደግመህ ልትጽፍበት?» ብለው ሳቁብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ለቡና ለቀማው እንዲመች ብዬ ግቢውን እኔ አጸዳሁት። ከአጥሩ ጀምሬ እስከ በሩ ድረስ፣ በመስመር በመስመር፣ አረሙን ከነሥሩ ነቀልኩት። ስጨርስ የአባባን ባለቤት እማማን ጠራኋቸው።

«እማማ፣ ይዩልኝ እስቲ!»

በምርኩዛቸው ቀስ ብለው መጥተው ከቡናው ሥር ቆሙ።

«ችግኞቹን የት አደረግካቸው?»

ወደ አረሙ ክምር ሮጥኩ። ያገኘኋቸው ጥቂቶቹ ፀሐይ ሲመታቸው ውሎ ጠውልገዋል፣ ሥራቸውም ደርቋል። እማማ አልተቆጡኝም።

«ተወው ልጄ፤ የሚያውቃቸው እሱ ነበር» ብለው ገቡ።

ጎረቤቶች ግቢው አማረ ይሉኛል። ለመጪው ክረምት የምንተክለው የለንም። ከርሞ ሌላ ቢበቅልም፣ የቱ ችግኝ የቱ አረም እንደሆነ የምጠይቀው ሰው የለኝም።