እድር መዝገብ ላይ የሰፈረ የሴት ስም

ልጅ ሳለሁ፣ ሲመሽ እኛ የሰፈሩ ልጆች የምንታጨቀው ከእንጦጦ ራጉኤል በታች፣ እማማ ቤት ነበር። እማማ ቀን ጭራሮ ተሸክመው ከጫካ ይወርዳሉ፣ ማታ ተረት ይነግሩናል። ያኔ መብራት እንደ ልብ አልነበረምና የባሕር ዛፉ ፍም ፊታቸውን ሲያቀላው፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲያስለቅሰው፣ እኛ ግን ከዚያ ፍንክች የለም! ስማቸውን ማናችንም አናውቅም። ትልልቆቹም ቢሆኑ «የአቶ በላቸው ባለቤት» ነበር የሚሏቸው፣ አቶ በላቸው ከተቀበሩ በኋላ እንኳ።

አንድ የሚወዱት ተረት ነበራቸው። እንስት አንበሶች አድነው ያመጣሉ፣ አውራው ቀድሞ ይበላል። አንድ ቀን አንዷ «ዛሬስ ደክሞኛል» ብላ ተጋደመች፤ ሌሎቹም አጠገቧ ተጋደሙ። አውራው አገሳ፣ አገሳ፤ ግሳት ሆድ አይሞላ! «ከዚያስ?» ስንላቸው «ከዚያማ ራበውና ተነሥቶ አብሮ አደነ» ብለው ይስቃሉ።

ሳቃቸው ግን ሐሳብ ነበረበት። አቶ በላቸው ሲሞቱ ስማቸው ከእድሩ መዝገብ ተሰረዘ፤ የእድሩ ሹሞችም እማማን «ሴት በስሟ አትመዘገብም፣ ወንድ ዘመድ ያምጡ» አሏቸው። ከየት ያምጡ? «እንግዲህ ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ የለም» ይሉ ነበር ለእናቴ።

የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ቀን ደረሰ። እንደ ልማዱ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ይነጋገራሉ፣ ሴቶቹ ጓሮ ምሳ ያበስላሉ። ያን ቀን ግን እማማ እናቴንና ሌሎቹን አስከትለው ገቡና አግዳሚው ላይ ቁጭ!

ሊቀ መንበሩ ተቆጡ፦ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ! ወደ ጓሮ!»

«እንግዲያው ምሳውም በወንድ ይለቅ» አሉ እማማ።

ወንዶቹ ራሳቸው ሊያበስሉ በእልህ ወጡ። እናንተዬ፣ ርጥብ ባሕር ዛፍ ማግደው! ጭሱ ድንኳኑን ሞላው፣ ቄሱ እያሳሉ ሸሹ፣ ሽሮው ከላይ ጥሬ፣ ከታች አረረ። ሴቶቹ ንቅንቅ አላሉም። እኔማ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ሲውል ሲያድር ሳይሆን፣ እዚያው ከሰዓት በኋላ፣ ሊቀ መንበሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ ጸሐፊውን «በቃ ጻፍ» አሉት።

«የአቶ በላቸው…» ብሎ ሲጀምር እማማ አቋረጡት።

«እሳቸውማ ተሰርዘዋል፣ ልጄ። ብዙነሽ ወልደ ገብርኤል ብለህ ጻፍ።»

ከበሩ ሆኜ እልልታዬን አቀለጥኩት፤ የእናቴም ኩርኩም ወረደብኝ።

ከዓመታት በኋላ እማማ ሲያርፉ፣ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ጎህ ሲቀድ በየበራፉ እየዞረ «ወይዘሮ ብዙነሽ ወልደ ገብርኤል አርፈዋል፣ ውጡ!» እያለ ለፈፈ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስወጣ አንዲት አዲስ ጎረቤት «ብዙነሽ ማን ናቸው?» አለችኝ።

እኔ ትምህርት ብዙም አልዘለቅኩም፣ ከተረቶቻቸውም ግማሹን ረስቻለሁ። ያኔ ግን ድንኳኑ እስኪተከል ድረስ ማን እንደነበሩ ሳወራላት ቆየሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬም ለጠየቀኝ ሁሉ አወራለሁ።